ለሶሪያቲክ አርትራይተስ የቀድሞ ወታደሮች ካሳ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ፋይል ይሻላል?

በአሜሪካ ጦር አገልግለው የወጡና ሶሪያቲክ አርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ ለሚባለው፣ የጉዳት ካሳ ሲያመለክቱ በሦስት ቦታዎች ላይ ምርጫ ያጋጥማቸዋል። የመጀመሪያው በሽታው ከአገልግሎት ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነው፤ ሁለተኛው የጉዳቱ መጠን በመቶኛ የሚሰላበት ዘዴ ነው፤ ሦስተኛው ውሳኔው ቅር ሲያሰኝ አቤቱታው የሚቀርብበት በር ነው። ብዙ አመልካቾች ምርጫ መኖሩን እንኳ ሳያውቁ ቅጹን ሞልተው ስለሚልኩ ምርጫውን መሥሪያ ቤቱ በእነሱ ፋንታ ያደርገዋል። ሦስቱ እኩል ክብደት የላቸውም፤ በእኔ ግምት የወር ክፍያውን በይበልጥ የሚወስነው ሁለተኛው ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በ2008 የተፈቀደውና በ2016 የቆመው ማቭኒ የተባለው የአሜሪካ ጦር የውጭ ዜጎች ቅጥር ፕሮግራም አማርኛን ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎት ነበር፤ በግሪን ካርድ ተመዝግበው ያገለገሉ ወገኖችም አሉ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ በስም ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሕመሙ ለካሳው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ላንሣ። ሶሪያቲክ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያዎችና ጅማት ከአጥንት ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ሲያጠቃ የሚመጣ የብግነት በሽታ ነው። ቆዳን የሚያቀላውና የሚያስቀርፈው ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በዚህ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያዙ ይችላሉ። በአብዛኛው ቆዳው ይቀድምና መገጣጠሚያው ከዓመታት በኋላ ይከተላል፤ ከመቶ ሕመምተኞች 15 በሚያህሉት ላይ ግን መገጣጠሚያው ይቀድማል። አንድ ጣት ከሥሩ እስከ ጫፉ በሙሉ ማበጡ፣ ጥፍር ላይ ጥቃቅን ጎድጓዳ ነጥቦች መታየታቸው፣ የተረከዝ ሕመም፣ እንዲሁም ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ የመገጣጠሚያ መገተር የታወቁ ምልክቶቹ ናቸው። የሩማቶይድ ፋክተር የደም ምርመራ በአብዛኛው ኔጌቲቭ ስለሚሆን፣ እሱን ብቻ አይቶ «መገጣጠሚያህ በዕድሜ ተበልቷል» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም አይጠፋም። ይህ ለካሳው ቀላል ነገር አይደለም፤ በመበላት የሚመጣው አርትራይተስ በቪኤ የጉዳት መመዘኛ ሠንጠረዥ በኮድ 5003 ሲመዘን፣ ሶሪያቲክ አርትራይተስ ግን በኮድ 5002 ስለሚመዘን ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ሐኪም የበሽታውን ስም ለይቶ በጽሑፍ ያረጋገጠው ሰነድ በእጅ መኖር አለበት።

ከአገልግሎት ጋር የሚያያዝበት መንገድ

ቪኤ ካሳ ለመክፈል በመሠረቱ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ አሁን ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ማስረጃ። ቀጥተኛው መንገድ ሦስቱንም በራሳቸው ማሳየት ነው። ይህ የሚስማማው በጦሩ ክሊኒክ ሲክ ኮል በሚባለው የሕሙማን መታያ ሰዓት ገብቶ ስለ ጣት እብጠት፣ ስለ ተረከዝ ሕመም ወይም ያለ አደጋ ስላበጠ ጉልበት ያስመዘገበ ሰው ነው። መዝገቡ ላይ የበሽታው ስም መጻፉ ግዴታ አይደለም፤ ምልክቱ መመዝገቡ በቂ ነው፤ የኋላ ኋላ አንድ ሐኪም መዝገቡን አይቶ «ያኔ የታየው የዚህ በሽታ መጀመሪያ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ እኩል ለእኩል ነው» ብሎ ምክንያቱን ሊጽፍ ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው መለኪያ ይኸው እኩል ለእኩል ነው፤ የማስረጃው ሚዛን እኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለአመልካቹ ይተረጎማል።

ሁለተኛው መንገድ የሕግ ግምት ነው። አርትራይተስ በቪኤ ደንብ ክፍል 3.309 ከተዘረዘሩት ሥር የሰደዱ በሽታዎች አንዱ ስለሆነ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ከአገልግሎት በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ቢያንስ በ10 በመቶ ደረጃ መታየቱን ካሳየ ሐኪም ሁለቱን የሚያገናኝ ደብዳቤ እንዲጽፍለት አያስፈልገውም። መንገዱ የሚያምረው ወረቀት ላይ ነው። ከጦር በወጡበት ዓመት ሥራ መፈለግ፣ ቤት መለወጥና የጤና መድን ማጣት አንድ ላይ ስለሚመጡ በዚያ ዓመት ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ጥቂት ነው። የሕክምና መዝገብ ካለዎት ግን ከዚህ የሚቀል የለም። የዓመቱ መዝገብ ባይኖርም በአገልግሎት ላይ የጀመረው ምልክት እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ መቀጠሉን ማሳየት ሌላ አማራጭ ነው፤ ይህ አማራጭ በዚያው ዝርዝር ላሉ በሽታዎች ብቻ የተፈቀደ መሆኑን የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2013 ወስኗል፣ አርትራይተስም በዝርዝሩ ውስጥ አለ።

ሦስተኛው ተከታይ ጉዳት የሚባለው ነው፤ ቀድሞ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ አንድ ሕመም ሌላውን ማምጣቱን ወይም ማባባሱን ማሳየት ማለት ነው። ሶሪያሲሱ በአገልግሎት ዘመን ለጀመረ ሰው እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቆዳ ይታያል፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው ያየውን ሽፍታ ሊመሰክር ይችላል፣ ፎቶግራፍም ይኖራል። በተጨማሪም የቆዳው መመዘኛ ራሱ፣ ኮድ 7816፣ ሶሪያቲክ አርትራይተስን የሶሪያሲስ ውስብስብ ችግር ብሎ በስም ጠቅሶ ለብቻው እንዲመዘን ያዛል። በቆዳውና በመገጣጠሚያው መካከል ያለውን ግንኙነት ለመካድ የሚነሣ መርማሪ ከመሥሪያ ቤቱ ከራሱ ሠንጠረዥ ጋር ይጋጫል። ሶሪያሲሱ ገና ካልጸደቀ ሁለቱን በአንድ ቅጽ፣ በ21-526 ኢዜድ፣ አንዱን ዋና ሌላውን ተከታይ አድርጎ ማቅረብ ይቻላል፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር ግን ካሳው የሚቆጠርበትን ቀን ያዘገያል።

ተከታይ ጉዳት ከቆዳው ብቻ አይነሣም። ሊቲየም፣ ቤታ ብሎከር የሚባሉት የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ እንደ ክሎሮኪን ያሉ የወባ መድኃኒቶች ሶሪያሲስን እንደሚቀሰቅሱ ወይም እንደሚያባብሱ በሕክምና የታወቀ ነው። ቀድሞ ለጸደቀ የልብ ወይም የአእምሮ ጤና ችግር ከእነዚህ አንዱ ታዝዞልዎ ከነበረ ጥያቄውን ለሐኪምዎ ያንሡ። ጭንቀትም ሶሪያሲስን እንደሚያባብስ ስለሚታወቅ ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጤና ችግር) የጸደቀላቸው ሰዎች በዚህ በኩል ይሞክራሉ፤ ይህ ግን የሚጸናው ሐኪሙ የቆዳው መባባስ ከጭንቀቱ ወቅቶች ጋር አብሮ መሄዱን ከመዝገቡ እየጠቀሰ ሲጽፍ ነው።

በ2022 የወጣው ፓክት አክት የተባለው ሕግ በጦር ሰፈር ቆሻሻ ለሚነድበት የቃጠሎ ጉድጓድ ጭስ ተጋላጭ ለነበሩት ብዙ በሽታዎችን በሕግ ግምት ቢሸፍንም ሶሪያቲክ አርትራይተስን በዝርዝሩ አላካተተም። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዘማቾች ድንጋጌም ስማቸው ላልታወቁ ሕመሞች የተደነገገ ስለሆነ ስም ላለው ለዚህ በሽታ እምብዛም አይጠቅምም።

ሕመሙ ከቅጥር በፊት ነበር የሚል ክርክር ከተነሣ፣ በመግቢያ ምርመራው ላይ ያልተመዘገበ ሕመም አልነበረም ተብሎ እንደሚገመት ይወቁ፤ ሶሪያሲስ ከቅጥር የሚያግድ ሕመም ስለሆነ በመግቢያ ወረቀት ላይ ተጽፎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ለእኛ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ለእረፍት አገር ቤት ሄዶ የታከመ ሰው ይዞት የሚመጣው የሐኪም ማስረጃ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀኑ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። በ2012 የተቀጠረ ወታደር በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታክሞ ከሆነ ትክክለኛው ዘመን 2016 ወይም 2017 ነው፤ ፋይሉን የሚያነበው የቪኤ ሠራተኛ ግን ከቅጥሩ ሦስት ዓመት ቀድሞ የታመመ ሰው ነው የሚታየው። ከሰነዱ ጋር ቀኑን የሚያብራራ አንድ ገጽ ማያያዝ፣ ቢቻል ክሊኒኩ ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፎ እንዲያትም ማድረግ፣ ከብዙ ወራት ንትርክ ያድናል።

በሦስቱም መንገዶች የቤተሰብና የጓድ ምስክርነት ዋጋ አለው፤ ዋጋው ግን በአጻጻፉ ይለያያል። «ባለቤቴ በጣም ይሠቃያል» የሚል ወረቀት ለውሳኔ ሰጪው ምንም አይነግረውም። «ከጦር ሰፈሩ በተመለሰበት ክረምት ክርኖቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ያለው ቀይ ቁስል ነበረው፤ ጠዋት የጫማውን ክር ማሰር ስለማይችል እኔ አሥርለት ነበር፤ እስከ ረፋድ ድረስ እጁ አይጨበጥም ነበር» የሚል ግን ወቅቱን፣ ቦታውንና የመገተሩን ርዝመት ያሳያል።

የጉዳቱ መጠን የሚሰላባቸው ሁለቱ ዘዴዎች

ከ2021 ፌብሩዋሪ 7 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ኮድ 5002 ሁለትና ከዚያ በላይ መገጣጠሚያዎችን የሚያጠቁ የብግነት አርትራይተሶችን ይመለከታል፤ ሶሪያቲክ አርትራይተስም በስም ተጠቅሷል። ኮዱ ሁለት በሮች አሉት። አንዱ በሽታውን እንደ አንድ ንቁ ሕመም ወስዶ አንድ መቶኛ መስጠት ነው። ሌላው በሽታው በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ የተወውን ጉዳት ለየብቻ መዝኖ ማቀናጀት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ አይፈቀድም፤ ደንቡ ከሁለቱ ከፍ ያለው እንዲሰጥ ያዛል። ማነጻጸሩ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ቢሆንም ሳይደረግ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ አመልካቹ ራሱ ሒሳቡን ቢሠራው ይሻላል።

እንደ ንቁ በሽታ ሲመዘን ዝቅተኛው 20 በመቶ ነው፤ ይህም በሽታው በደንብ ተረጋግጦ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለሚያገረሽበት ሰው ነው። 40 በመቶ የሚሰጠው ምልክቶቹ ተደምረው በጤና ላይ ግልጽ ጉዳት ማድረሳቸው በምርመራ ሲረጋገጥ፣ ወይም ከሥራና ከኑሮ የሚያስቀር ግርሻ በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲኖር ነው። 60 በመቶ ክብደት መቀነስና የደም ማነስ ጤናን በጽኑ ሲጎዱ፣ ወይም በጽኑ የሚጥል ግርሻ በዓመት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመጣ፣ ቁጥሩ ባይሞላም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሲሆን ነው። 100 በመቶ መላ ሰውነትን የሚነካ ምልክት ከንቁ የመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ተጣምሮ ሰውየውን ፈጽሞ ከአቅም ውጭ ሲያደርገው ነው። ለአከርካሪ ዲስክ ሕመም የተደነገገው «ሐኪም ያዘዘው የአልጋ ዕረፍት» የሚለው መስፈርት በዚህ ኮድ ሥር አልተጻፈም፤ ስለዚህ ግርሻውን በሥራ መቅረት ወረቀት፣ ለሐኪም በተላከ መልእክት፣ በስቴሮይድ ማዘዣና ቀኑ በተጻፈበት ማስታወሻ ማሳየት ይቻላል።

በየመገጣጠሚያው ሲመዘን ደግሞ መለኪያው መታጠፍና መዘርጋት ነው። ለምሳሌ ጉልበት መታጠፉ በ45 ዲግሪ ከተገደበ 10፣ በ30 ከተገደበ 20፣ በ15 ከተገደበ 30 በመቶ ይሰጠዋል። ወደ ፊት ሲጎነበሱ ወገብ ከ30 ዲግሪ በላይ ሄዶ 60ን ካላለፈ 20፣ ከ30 ካላለፈ 40 በመቶ ነው። ገደቡ እነዚህን ባያሟላም በሕመም የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ለዚያ መገጣጠሚያ የተደነገገውን ዝቅተኛ ክፍያ ያገኛል፤ ይህም በደንቡ ክፍል 4.59 የተጻፈ ሲሆን በአብዛኛው 10 በመቶ ነው። ብዙዎችን የሚጠቅመው ይህቺ አጭር ክፍል ናት፤ ሶሪያቲክ አርትራይተስ ብዙ መገጣጠሚያዎችን በመጠኑ የመንካት ጠባይ ስላለው፣ እያንዳንዱ ጥቂት ይዞ ሲመጣ ድምሩ ትልቅ ይሆናል።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ ልሥራው። ሁለቱ ጉልበቶቹና ሁለቱ የእጅ አንጓዎቹ እያንዳንዳቸው 10፣ ወገቡ 20 በመቶ የሚያወጣ ሰው አለ እንበል። ይኸው ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ ስለሚያገረሽበት እንደ ንቁ በሽታ ሲመዘን 40 በመቶ ያገኛል። በቪኤ ስሌት መቶኛዎች በቀጥታ አይደመሩም፤ እያንዳንዱ የሚሰላው ከቀረው ጤነኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ አራቱ ዐሥሮች 19፣ 27፣ ከዚያም 34 ይሆናሉ። ጥንድ እጆችና እግሮች ስለተጎዱ የ34 ዐሥረኛው፣ 3.4፣ ይጨመርና 37 ይሆናል። ከቀረው 63 ላይ የወገቡ 20 በመቶ 12.6 ስለሆነ ድምሩ 49.6 ይደርሳል፤ ይህም 50 ተብሎ ይጠጋጋል። ከ2024 ዲሴምበር ጀምሮ በተከፈለው መጠን፣ ጥገኛ ለሌለው ሰው 40 በመቶ በወር 774.16 ዶላር፣ 50 በመቶ 1,102.04 ዶላር ነበር። ልዩነቱ በዓመት ከ3,900 ዶላር በላይ ነው፤ መጠኑ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል።

ሃያ ዓመት አገልግለው ጡረታ ለወጡ ሰዎች 40 እና 50 መካከል ያለው ርቀት ከዚህም ይሰፋል። የቪኤ ካሳ ከጦር ጡረታቸው ላይ ሳይቀነስ ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል 50 በመቶ መድረስ ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚያ በታች፣ በውጊያ ለደረሰ ጉዳት የተዘጋጀው ልዩ ክፍያ ካልሸፈናቸው በቀር፣ በካሳው ልክ ጡረታቸው ይቀነሳል።

የየመገጣጠሚያው ዘዴ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለቴ ግን አይደለም። መገጣጠሚያዎቹ በምርመራ ቀን በደህና የሚታጠፉለት፣ ነገር ግን ሲያገረሽበት ሳምንት ሙሉ የሚወድቅ ሰው በንቁ በሽታ በር ቢገባ ይሻለዋል። ክብደቱ የቀነሰና የደም ማነስ ያለበት ሰው 60ን በየመገጣጠሚያው ስሌት ማግኘት ይከብደዋል። በተጨማሪም በበሽታው ምክንያት መሥራት ያልቻለ ሰው ቲዲአይዩ በሚባለው ድንጋጌ በ100 በመቶ ልክ ለመከፈል በአንድ ሕመም 60፣ ወይም አንዱ 40 ሆኖ በድምሩ 70 ይጠየቃል። ከአንድ መነሻ የመጡ ጉዳቶች ለዚህ ዓላማ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ የየመገጣጠሚያው ድምርም 60 ከደረሰ ያገለግላል። ሕመሙ በጊዜ ከተለዋወጠ ደግሞ ለተለያዩ ወቅቶች የተለያየ መቶኛ መስጠት የተፈቀደ ነው፤ በአንዱ ወቅት ግርሻው፣ በሌላው የመታጠፍ መጠኑ ሊያሸንፍ ይችላል።

ቆዳው ለብቻው

ሶሪያሲሱ በኮድ 7816 ከመገጣጠሚያው ተለይቶ ይመዘናል። መለኪያው ሁለት ነው፦ የተጎዳው የቆዳ ስፋት፣ ወይም ባለፉት 12 ወራት የተወሰደው ሕክምና። ከቆዳ ስፋቱ ከ40 በመቶ በላይ የተጎዳ፣ ወይም በአፍ ወይም በመርፌ የሚሰጥ መላ ሰውነት ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት በቋሚነት የሚወስድ ሰው 60 በመቶ ያገኛል። ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች፣ እንደ አዳሊሙማብና ሴኩኪኑማብ ያሉት፣ በዚሁ ውስጥ ይገባሉ። ቅባት ብቻ የሚቀባና ከ5 በመቶ ያነሰ ቆዳው የተጎዳ ሰው ግን ዜሮ ነው።

መርፌው ቆዳውን አጥርቶት «አሁንማ ድኛለሁ» ብለው የቆዳውን ጥያቄ የሚተዉ ሰዎች 60 በመቶ ጥለው ይሄዳሉ፤ የሚቆጠረው ሕክምናው ጭምር ነውና። ሆኖም መድኃኒቱ ለመገጣጠሚያው ብቻ የታዘዘ ከመሰለ ለቆዳው አይቆጠርም የሚል መልስ ሊመጣ ስለሚችል፣ ለሁለቱም የታዘዘ ከሆነ ሐኪሙ ይህንኑ በማዘዣው ወይም በማስታወሻው ላይ በግልጽ ይጻፈው።

ቆዳው 60 ሲሆን የላይኛው ምሳሌ ውጤቱ ይለወጣል። 60 ከ40 ጋር 76 ይሆንና ወደ 80 ይጠጋጋል፤ በየመገጣጠሚያው ሲሰላ ደግሞ 60 ከ37 ጋር 75፣ ይህም ከወገቡ 20 ጋር 80 ይሆናል። ያ ትልቅ የነበረ የ10 በመቶ ልዩነት ጠፋ ማለት ነው። ይህ ሰው ጉልበቱን በየመገጣጠሚያው ክርክር ላይ ከሚያውለው የቆዳውን ጥያቄ ቢያጠናክር ይሻለዋል። ዓይን ውስጥ የሚነሣው ዩቬይቲስ የሚባል ብግነትም በበሽታው ምክንያት ከመጣ ለብቻው ይመዘናል።

የምርመራው ቀን

ቪኤ ጉዳቱን ለመመዘን ለሚያዘው፣ ሲ ኤንድ ፒ ለሚባለው ምርመራ ሲጠሩ ስለ ብግነት አርትራይተስ የሚሞላው ቅጽ አንድ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ እጅ አንጓና ስለ ወገብ የሚሞሉት ቅጾች ሌሎች መሆናቸውን ይወቁ። የመጀመሪያው ብቻ ተሞልቶ ቢላክ ውሳኔ ሰጪው የሚያነጻጽረው የዲግሪ ልኬት አይኖረውም። መርማሪው ጎኒዮሜትር በሚባለው የማዕዘን መለኪያ እያንዳንዱን የታመመ መገጣጠሚያ መለካቱን ይከታተሉ፤ በእጁ ገምቶ ካለፈ በዚያው ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ሲታጠፍ ሕመሙ የሚጀምርበትን ቦታ ሲደርሱ ይናገሩ፤ ጥርስ ነክሶ እስከ መጨረሻ ማጠፍ በእኛ ባህል ጨዋነት ቢሆንም ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ያለ ችግር ታጠፈ» ተብሎ ነው። በደህና ቀን ከተመረመሩ መርማሪው በግርሻ ቀን የሚጠፋውን እንቅስቃሴ ከሚነግሩት ተነሥቶ መገመት አለበት፤ ይህን ፍርድ ቤት በ2017 በሻርፕ መዝገብ ግልጽ አድርጎታል። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ መድኃኒቱ ሲዘገይ የሚሆነውንም አብረው ይንገሩ፤ መመዘኛው ራሱ መድኃኒትን ካልጠቀሰ የመድኃኒትን ማስታገስ ቆጥሮ መቶኛ መቀነስ እንደማይገባ በ2012 በጆንስ መዝገብ ተወስኗል።

ውሳኔው ሲመጣ የትኛውን በር?

የውሳኔው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የተጠቀሙበትን ኮድ አይገልጽም። ኮዶቹና መቶኛዎቹ የተዘረዘሩበትን፣ ኮድ ሺት የሚባለውን ገጽ ከፋይልዎ ጋር ይጠይቁ፤ 5003 ብቻ ተጽፎ ካገኙት በሽታው እንደ ተራ መበላት ተቆጥሯል ማለት ነው።

ከ2019 ፌብሩዋሪ 19 ጀምሮ ሦስት በሮች አሉ፤ ማናቸውም በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀረቡ የመጀመሪያው የካሳ ቀን ይጠበቃል። ፋይሉ ውስጥ የጎደለ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሁለቱን ሕመሞች የሚያገናኝ የሐኪም ደብዳቤ ወይም የሩማቶሎጂ ምርመራ፣ በቅጽ 20-0995 ተጨማሪ ማስረጃ ይዞ መመለስ ይሻላል። ማስረጃው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ እያለ ሒሳቡ ከተዘለለ፣ ማለትም የዲግሪው ልኬት ተጽፎ ሳለ 20 በመቶ ብቻ ከተሰጠ፣ በቅጽ 20-0996 ከፍ ባለ ሠራተኛ እንዲታይ መጠየቅ ይበጃል። በዚህ በር አዲስ ወረቀት አይገባም፤ በስልክ ቀርቦ ስሕተቱን ማመልከት ግን ይፈቀዳል። መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን በአማካይ በ125 ቀን የመጨረስ ግብ አለው። ሦስተኛው፣ በቅጽ 10182 ለይግባኝ ቦርዱ የሚቀርበው፣ ረጅም ነው፤ አዲስ ማስረጃም ችሎትም የሌለበት አጭሩ መስመር እንኳ ግቡ 365 ቀን ነው። እኔ ወደ ቦርዱ መሄድን የምመክረው ሁለት ሐኪሞች ተቃራኒ አስተያየት ሰጥተው ክርክሩ ማንን ማመን ይገባል የሚል ሲሆን ነው። በ20-0996 ከተወሰነ በኋላ ያንኑ በር ደግሞ ማንኳኳት አይቻልም፤ የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ማመልከቻው ገና ካልተዘጋጀ፣ የማመልከት ሐሳብ ማስታወቂያ የሚባለውን 21-0966 ዛሬውኑ መላክ የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣል፤ ካሳውም ከዚያ ቀን ሊቆጠር ይችላል። ቀድሞ የጸደቀ መቶኛ ኖሮት ጭማሪ የሚጠይቅ ሰው ግን ፋይሉ ሲከፈት መቶኛው ሊቀንስም እንደሚችል አስቦ ይግባ፤ 20 ዓመት የቆየ መቶኛ ያለ ማጭበርበር ማስረጃ አይነካም፣ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየም በአንድ ምርመራ ብቻ በቀላሉ አይቀነስም።

ከአሜሪካ ውጭ፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ መኖር ካሳውን አያስቀርም፤ ከአገልግሎት ጋር ለተያያዘው ሕመም የሚደረግ ሕክምናም ለውጭ ነዋሪዎች በተዘጋጀው የሕክምና ፕሮግራም ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚገዙትን መድኃኒት ደረሰኝ፣ ማዘዣውንና የሐኪሙን ማስታወሻ አብረው ያኑሩ።

ለመጀመሪያ ማመልከቻ ማንም ሰው ክፍያ እንዲጠይቅ ሕጉ አይፈቅድም። አሜሪካን ሊጅን፣ ዲኤቪና ቪኤፍደብልዩ የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ባላቸው ተወካዮቻቸው በነፃ ይሞላሉ። ጠበቃ ክፍያ መጠየቅ የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከወጣ በኋላ ነው፤ ወደ ኋላ ከሚከፈለው ገንዘብ እስከ 20 በመቶ ያለው ተገቢ ተብሎ ሲገመት፣ ከሲሶ በላይ ያለው ደግሞ ያልተገባ ተብሎ ይገመታል። ለነጠላ ሕመም ተራ ማመልከቻ ነፃው ተወካይ ይበቃል፤ ጠበቃ የሚያስፈልገው ክርክሩ ሕግ ላይ ሲደርስ ነው። ከወደፊት የወር ክፍያዎ ላይ ድርሻ የሚጠይቅ፣ ወይም ወደ ቪኤ ገጽዎ የሚገቡበትን የይለፍ ቃል ስጡኝ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ውል ከመፈረምዎ በፊት ስሙን ቪኤ ፈቃድ ከሰጣቸው ተወካዮች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ።